ከኢትዮጵያዊና ከሌላ ወገን ወላጆች አሜሪካ ለተወለደ ልጅ፦ የስም፣ የወረቀትና የዘር ሐረግ አያያዝ

አሜሪካ ውስጥ አንዱ ወላጁ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ፣ የአየርላንድ ዘር ያለው ነጭ፣ ሜክሲኳዊ ወይም ፊሊፒናዊ ለሆነ ልጅ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ፎርም ይሞላለታል። ከዚያ በኋላም ፎርሙ አያልቅም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ፎርሞቹ የሚጠይቁት ነገር የተለያየ ሆኖ ሳለ ለሁሉም አንድ መልስ ስለሚሰጥ ነው። ዜግነት አንድ ጥያቄ ነው፤ ዘር ሌላ ነው፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊነት ሌላ፣ ስምም ሌላ። "አሜሪካዊ" የሚለው ለመጀመሪያው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ለሁለተኛው ግን መልስ አይሆንም። "ኢትዮጵያዊ" የሚለው የዘር መስመሩ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ እንደ ዜግነት ግን ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ሕጉ ራሱ ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻ እንያዘው። ዓመቶቹ "ዓ.ም." ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ

ስሙን ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። በወለዱ ማግስት፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይን የተሞላ ፎርም ለዓመታት ያስከፍላል፤ ማረሚያው ክፍያ አለው፣ እንደየስቴቱም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊጠይቅ ይችላል።

የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚጋራው መጠሪያ የለም። የአሜሪካ መዝገብ ደግሞ የ"ላስት ኔም"ን ሳጥን ባዶ አይተውም። አባትየው ዳዊት በቀለ ታደሰ ነው እንበል። ወረቀቱ ላይ ላስት ኔሙ "በቀለ" ሊሆን ይችላል፣ "ታደሰ"ም ሊሆን ይችላል፤ ወደ አሜሪካ ሲገባ ማን ፎርሙን እንደሞላው ነው። ይህች ትንሽ የምትመስል ልዩነት የልጁን ስም ትወስናለች። ላስት ኔሙ "በቀለ" ከሆነ፣ ልጅቱን ሐና፣ ሚድል ኔሟን ዳዊት፣ ላስት ኔሟን በቀለ አድርጉ። ሐና ዳዊት በቀለ ለአሜሪካ መዝገብ ከአባቷ ጋር አንድ ላስት ኔም ያላት ልጅ ናት፤ ለኢትዮጵያ መዝገብም የራስ፣ የአባትና የአያት ስሟ ልክ ነው። ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም። ላስት ኔሙ "ታደሰ" ከሆነ ግን ሐና ዳዊት ታደሰ አያቷን በቀለን ዘላ በቅድመ አያቷ ትጠራለች። ይህም ያስኬዳል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ወረቀት ስታወጣ ግን "የአያት ስም" የሚለው መስመር ላይ ከአባቷ ሰነድ ጋር አይገጥምም፣ ማብራሪያም ይጠየቃል።

አባትየው ገና ዜግነት ካልወሰደ ማስተካከያው እጁ ላይ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ስም መቀየር ይፈለግ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቃለ መሐላው በዳኛ ፊት የሚፈጸም ከሆነ ስሙ ያኔውኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየራል። አሉታዊ ጎኑ፣ አዲሱ ስም ከድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር አለመግጠሙ ነው። ስለዚህ የስም ለውጡን የሚያሳየውን ወረቀት ከዜግነት ሰርተፊኬቱ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ ልጁ ከ20 ዓመት በኋላ ይፈልገዋል።

ሁለተኛው መንገድ አገር ቤት እንደሚደረገው የአባትን ስም ላስት ኔም ማድረግ ነው፦ ሐና ዳዊት። ወንድምና እህት ይጋሩታል፤ ከአባትም ከእናትም ጋር ግን አይገጥምም። ትምህርት ቤት፣ ኢንሹራንስና ኤርፖርት ላይ "ልጅህ መሆኗን በምን ታሳያለህ?" የሚል ጥያቄ ይደጋገማል። ይህን የመረጠ ቤተሰብ የልደት ሰርተፊኬቱን ኮፒ ይዞ መጓዝ አለበት።

እናት ኢትዮጵያዊት፣ አባት አሜሪካዊ ሲሆን ሌላ ነው። እናት ሰላም ከበደ፣ አባት ማይክል ጆንሰን ቢሆኑ ብዙዎች ልጁን ጆንሰን ብለው ከበደን ሚድል ኔም ያደርጉታል። ጥሩ ነው፤ የእናት ወገን ስም ከወረቀት አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ሚድል ኔምን እንደ አባት ስም ያነበዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስታመለክቱ "የአባት ስም" ላይ ማይክልን ጻፉ እንጂ ከበደን አትጻፉ። አያትን በአባት ቦታ ማስገባት ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር ይጋጫል፤ ወረቀቱም ይመለሳል። ሁለቱን ስም በሰረዝ ማያያዝም ይቻላል፤ ሆኖም የአየር መንገድ ቲኬት ሰረዙን ስለማያሳይ ሁለቱ ስሞች ተጣብቀው ይታተማሉ። አያስደነግጥም፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይጻፍ።

የላቲን አጻጻፉን በተመለከተ ምርጫው የውበት አይደለም። "ካሳ" በአባት ወረቀት ላይ በሁለት "ኤስ" ከተጻፈ በልጅም ላይ በሁለት ይጻፍ፤ "ቀ" በ"ኬ" ከተጻፈ በ"ኪው" አትቀይሩት። የፊደሉን ድምፅ በትክክል ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ልጁን ከአባቱ የሚለይ አጻጻፍ ሲሰጠው ማየት የተለመደ ነው።

የክርስትና ስም፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን የሚሰጠው፣ ከመንግሥት ወረቀት ጋር አይቀላቀል። የቤተ ክርስቲያኑን ሰርተፊኬት ለቤተሰብ መዝገብ አስቀምጡት።

የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች

ሆስፒታሉ ለልደት ምዝገባ የሚሰጠው ፎርም የሁለቱንም ወላጆች ዘር ይጠይቃል። ይህ ለስታትስቲክስ ነው፤ ለእናንተ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ላይ ብዙውን ጊዜ አይወጣም። ልጁን የሚመለከተው ሌላ መስመር ነው፦ የወላጆች ሙሉ ስምና የትውልድ ቦታ። አንዳንድ ስቴቶች አጭርና ረጅም የልደት ሰርተፊኬት አላቸው። አጭሩ ላይ የወላጆች ስም ላይኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ለአሜሪካ ፓስፖርትም፣ ለኢትዮጵያ ኤምባሲም አይሆንም። ማኅተም ያለበትን ረጅሙን እዘዙ፤ ሦስት ኮፒ አይበዛም፣ አንዱ ኤምባሲ ሲሄድ ሌላው ቤት ይቆያል።

ወላጆቹ በሕግ ካልተጋቡ የአባት ስም በራሱ አይመዘገብም። ሁለቱም የአባትነት ማረጋገጫ ፎርም መፈረም አለባቸው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ይሰጣል። ኢትዮጵያዊው ወላጅ አባትየው ከሆነ ይህ ፊርማ የልጁ ትውልደ ኢትዮጵያዊነት ዋና ማስረጃ ነው። "በኋላ እንፈርማለን" የተባለ ነገር ሰዎቹ ከተለያዩ በኋላ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ሶሻል ሴኩሪቲ በዚያው የሆስፒታል ፎርም ላይ ምልክት በማድረግ ይመጣል። የአሜሪካ ፓስፖርት ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በዲኤስ-11 ፎርም ይጠየቃል፤ ሁለቱም ወላጆች ይገኛሉ፣ አንዱ ካልቻለ ዲኤስ-3053 የተባለውን የፈቃድ ፎርም በኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር ይልካል። ለ5 ዓመት ይሠራል። አሜሪካዊ ልጅ ከአገሩ ሲወጣም ሲገባም በአሜሪካ ፓስፖርት መሆን አለበት። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሌላው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ በኖታሪ ተፈርሞ ይያዝ።

ዜግነት፣ በሁለቱም አገር ሕግ

አሜሪካ የስደተኞች አገር ናት ሲባል በሕግ ደረጃ ትልቁ መሠረት በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ አሜሪካ የተወለደ ዜጋ ነው ይላል። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ብሎ ፈረደ። አንዱ ወላጁ አሜሪካዊ ዜጋ ሆኖ አሜሪካ ለተወለደ ልጅ በዚህ በኩል የሚያከራክር ነገር የለም።

የሚያከራክረው ውጭ የተወለደው ነው፤ ብዙ ቅይጥ ቤተሰብም የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሁኔታዎችን ለዩ። ልጁ አዲስ አበባ ከተጋቡ ወላጆች የተወለደና አንደኛው ብቻ አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ፣ ያ ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት አሜሪካ ውስጥ በአካል 5 ዓመት መኖሩን፣ ከዚህም ቢያንስ 2 ዓመቱ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ መሆኑን ማሳየት አለበት። የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት፣ የታክስ ወረቀትና የሥራ ደመወዝ ማስረጃ ይረዳሉ። ሌላው የእንጀራ ልጅ ነው። እናት ከቀድሞ ትዳሯ የወለደችውን ልጅ ይዛ አሜሪካዊ ታገባለች፤ ልጁ በእንጀራ አባቱ በኩል ግሪን ካርድ ያገኛል። ቤተሰቡ ከዚህ በኋላ ልጁ ዜጋ የሆነ ይመስለዋል። አልሆነም። ከየካቲት 2001 ጀምሮ የሚሠራው የልጆች ዜግነት ሕግ ግሪን ካርድ ይዞ ከዜጋ ወላጁ ጋር የሚኖርን ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወዲያውኑ ዜጋ ያደርጋል፤ "ወላጅ" የሚለው ግን የእንጀራ አባትን አይጨምርም። መፍትሔው እናቲቱ ልጁ 18 ሳይሞላው ራሷ ዜግነት መውሰድ ነው፣ አለዚያም እንጀራ አባቱ በሕግ በጉዲፈቻ ይውሰደው። 18 ካለፈው ልጁ ራሱ ያመለክታል። ዜጋ ከሆነ በኋላ ፓስፖርት ማውጣት ይበቃል፤ በኤን-600 ፎርም የሚጠየቀውን የዜግነት ሰርተፊኬት መጨመር ግን ጊዜው የማያልፍበት ማስረጃ ስለሆነ ዋጋው ቢወደድም አይቆጭም።

በኢትዮጵያ በኩል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ላይ ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ እናት ወይም አባት ብሎ አይለይም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም አንቀጽ 3 ላይ ይደግመዋል። ልብ በሉ፦ ወላጁ ልጁ በተወለደበት ቀን ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት። አባትየው ልጁ ሳይወለድ የአሜሪካ ዜግነት ከወሰደ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቷል፤ ልጁም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው እንጂ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ሆኖ አልተወለደም። ወላጁ ግሪን ካርድ ብቻ ኖሮት ከወለደ ግን ልጁ ሲወለድ ሁለቱም ዜግነት አለው። እዚህ ላይ አንቀጽ 20 ይመጣል፦ በትውልድ የውጭ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚይዝ ካላሳወቀ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ማለትም ዝም ያለ ልጅ 19 ሲሞላው ሕጉ መልሶለታል። ጥምር ዜግነት የለም። ይህን ለልጁ በ16ና በ17 ዓመቱ በግልጽ ንገሩት፤ ከ20 ዓመቱ በኋላ ሲሰማ ከሚናደድ ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ

ሰው "ቢጫ ካርድ" የሚለው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው መታወቂያ ነው። የሚገባው ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ነው። ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የወሰደን ሰው አይጨምርም፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰብ ያላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ። የያዘው ሰው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት አይቀጠርም። ካርድ የሌለው ልጅ እንደማንኛውም አሜሪካዊ ቪዛ ያወጣል፤ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ አያቱን ለመጠየቅ ለሚሄድ ልጅ ቪዛው ሊበቃው ይችላል።

የቅድመ አያት ነገር ትልቅ ቁም ነገር አለው። ዛሬ የወላጁን የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የጣለ ሰው ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆቹን ማስረጃ ጥሏል። ጊዜው ያለፈበት፣ የተበሳ፣ ሽፋኑ የተቀደደ ፓስፖርት ሁሉ ይቀመጥ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት፣ የድሮ የሥራ መታወቂያ፣ ሁሉም ፊትና ጀርባው ስካን ይደረግ።

ማመልከቻው ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ ወይም በሎስ አንጀለስና በሴንት ፖል ቆንስላዎች በኩል ይሄዳል። የወቅቱን ክፍያና የሰነድ ዝርዝር ከመላካችሁ በፊት እዩ፤ ጓደኛ አምና የከፈለው አይሠራም ይሆናል። የልጁ የልደት ሰርተፊኬት በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት እንዲታወቅ የማረጋገጫ ሰንሰለት አለው፦ መጀመሪያ ሰርተፊኬቱን የሰጠው ስቴት ጸሐፊ ቢሮ (ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት)፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ መጨረሻ የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፤ ስቴቱን ዘሎ ወደ ዋሽንግተን የተላከ ወረቀት ሳይታይ ይመለሳል። ሌላው የተለመደ ስህተት ሰርተፊኬቱን አስቀድሞ ላሚኔት ማስደረግ ነው፤ ማኅተም አይያዝበትም።

የቀን መቁጠሪያው ወጥመድ

በድሮ ሰነድ ላይ "15/5/1962" የሚል የልደት ቀን ካያችሁ ጥር 15 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ለአሜሪካ ወረቀት ጃንዋሪ 23፣ 1970 ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 ይጨመራል፣ ጃንዋሪ 1 ካለፈ 8። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፣ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢም ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። የኢትዮጵያውን ዓመት ለ4 ስታካፍሉት ያለ ቀሪ ከደረሰ ያ ዓመት ነው። ለምሳሌ ጥር 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ጃንዋሪ 10፣ 1972 ነው፤ ሌላ ጊዜ ጃንዋሪ 9 ይሆን ነበር።

ስህተቱ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ አሜሪካዊ ጸሐፊ 5/8/1962ን ወርና ቀን አገላብጦ ማንበቡ፣ ሌላው ዓመቱ ሳይቀየር መግባቱ ነው፤ ያኔ ሰውየው በወረቀት ላይ 8 ዓመት ይሸመግላል። ትክክለኛ ቀናቸው ስላልታወቀ በጃንዋሪ 1 የተመዘገቡ ወላጆችም ብዙ ናቸው። በዜግነት ሰርተፊኬት ላይ የገባ ቀን በቀላሉ አይታረምም፤ እንግዲህ ልጁ ፎርም ሲሞላ ለወላጁ የሚጽፈው የአሜሪካ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ነው፣ እውነተኛው ደግሞ በቤተሰብ መዝገብ ይቀመጥ። በአንድ ማመልከቻ ውስጥ ሁለቱን አታደባልቁ።

የሕዝብ ቆጠራና የትምህርት ቤት ፎርም

የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከአንድ በላይ ዘር መምረጥን የፈቀደው በ2000 ነው። ከዚያ በፊት ልጁ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ቅይጥ ጋብቻን የከለከሉ የስቴት ሕጎች እንኳ በሙሉ የፈረሱት በሰኔ 1967፣ ሎቪንግ የሚባሉ ባልና ሚስት በቨርጂኒያ ስቴት ላይ ባቀረቡት ክስ ነው። በ2020 ቆጠራ 33.8 ሚሊዮን ሰው ከአንድ በላይ መረጠ፣ ከሕዝቡ 10.2 በመቶ ማለት ነው፤ በ2010 ደግሞ 9 ሚሊዮን ነበር። ዕድገቱ በሙሉ የልጆች መብዛት አይደለም። በ2020 "ነጭ" እና "ጥቁር" በሚሉት ስር የመጻፊያ መስመር ተጨመረ፣ የተጻፈውን የሚመድቡበት መንገድም ሰፋ፤ ስለዚህ ቀድሞ የማይታየው መታየት ጀመረ።

ቀጣዩ ቆጠራ በኤፕሪል 2030 ነው። ፎርሙን በቤቱ አንድ ሰው ስለሚሞላ የሁሉንም ልጆች ዘር እሱ ይወስናል፤ ብዙ ጊዜም ልጆቹን እንደ ራሱ ይሞላቸዋል። አብራችሁ ሙሉት። አሠራሩ ይህ ነው፦ ልጁን የሚመለከቱትን ሳጥኖች ሁሉ ምረጡ፤ "ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ" ስር ባለው መስመር ላይ "ኢትዮጵያዊ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ በሌላው ሳጥን ስር ደግሞ የሌላውን ወገን፣ ለምሳሌ አየርላንዳዊ። በ2020 ፎርም ላይ "ኢትዮጵያዊ" በምሳሌነት ታትሞ ነበር። ሳጥን መርጦ መስመሩን ባዶ መተው ልጁን በጥቁርነት ያስቆጥረዋል፣ በኢትዮጵያዊነት ግን አያስቆጥረውም፤ የኢትዮጵያውያን ቁጥር አነሰ እያለ የሚያማርር ማኅበረሰብ መጀመሪያ ይህን መስመር ይሙላ። "ሐበሻ" ብቻ ከመጻፍ አገሩን በስም መጥራት ይሻላል። ብሔሩን መጨመር የሚፈልግ ሁለቱንም መጻፍ ይችላል። "ቤታችን ስንት ሰው እንዳለ ኢሚግሬሽን ያውቅብናል" የሚል ስጋት ካለ፣ የቆጠራው መልስ በሕግ ለ72 ዓመት ይዘጋል፣ ለሌላ መሥሪያ ቤትም በግለሰብ ደረጃ አይሰጥም።

በመጋቢት 2024 የወጣው የፌዴራል መመዘኛ የሂስፓኒክ ጥያቄንና የዘር ጥያቄን ያዋሃደ ሲሆን "መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ" የሚል አዲስ ምድብም ጨምሯል። ኢትዮጵያዊ ለ"ጥቁር" ምድብ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

ትምህርት ቤት ላይ ነገሩ ይለያል። በቆየው አሠራር ሁለት ዘር የተመረጠለት ልጅ ወደ ፌዴራል ሪፖርት የሚገባው "ሁለት ወይም ከዚያ በላይ" በሚል አንድ ምድብ ነው፤ ጥቁር ተብሎም ነጭ ተብሎም አይቆጠርም። አንዱ ወላጅ ላቲኖ ከሆነና ሂስፓኒክ የሚለው ከተመረጠ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቀርና በሂስፓኒክነት ብቻ ይመዘገባል። ይህ የልጁን መብት አይነካም፤ ሪፖርቱ ላይ ልጃችሁን ስታጡት ግን ምክንያቱ ይህ ነው። ለኮሌጅ ማመልከቻ፣ ከ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ሳጥኑ ለመግቢያ አይቆጠርም፤ ተማሪው በጽሑፉ ላይ አስተዳደጉ እንዴት እንደቀረጸው ሊያስረዳ ግን ይችላል። "ግማሽ ኢትዮጵያዊ ነኝ" ብሎ የሚያልፍ ዓረፍተ ነገር ምንም አይሠራለትም፤ ለአያቱ ሐኪም ቤት ያስተረጎመበትን ቀን መጻፍ ግን ይሠራል።

የሁለቱ ወገን የዘር ሐረግ

የኢትዮጵያው ወገን አፍ ላይ ነው፤ የአሜሪካው ወገን ወረቀት ላይ ነው። መጀመር ያለበት ከአፉ ነው፤ ወረቀቱ ይቆያል፣ አያት አይቆዩም።

በስልክ ስታነጋግሩ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱ። በገጠሩ አማራ ሰባት ቤት ድረስ መቁጠር የጋብቻ ጉዳይ ስለነበረ የአባት መስመር በቀላሉ ይወርዳል። የሚጠፋው የሴቶቹ ነው። በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ ቁሙና "ሚስቱ ማን ነበሩ? የማን ልጅ? አገራቸው የት ነው? ደብሩስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደብሩ መንደሩን ለመለየት ከወረዳው ስም ይበልጥ ይረዳል፤ የወረዳ ስምና ወሰን በየመንግሥቱ ተቀይሯል። ዓመት አትጠይቁ፤ "ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር?"፣ "በ66ቱ አብዮት ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?"፣ "ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?" በሉ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለነበረ በዚያ ጊዜ የተወለደ ሰው ዕድሜ በዚህ ብቻ ወደ አምስት ዓመት ክልል ይጠባል።

የዘር ሐረግ ሶፍትዌር ስትጠቀሙ የላስት ኔም ሳጥን ያታልላል፦ ልጅ ስትጨምሩ የአባትን ላስት ኔም በራሱ ይሞላል። አጥፉትና በየትውልዱ የአባትን የራስ ስም አስገቡ። የግእዝ አጻጻፉን "ሌላ ስም" በሚለው መስመር ጨምሩ፤ በላቲን ብቻ የተጻፈ "ታደሰ" እና "ታደሠ" ከሃምሳ ዓመት በኋላ አይለይም።

በአሜሪካው ወገን የቅርቡ ክፍት ቆጠራ የ1950 ነው፤ በኤፕሪል 2022 ተከፈተ። ከእሱ ወደ ኋላ አሥር አሥር ዓመት ውረዱ። የ1890ው ቆጠራ በ1921 በተነሳ እሳት አብዛኛው ስለጠፋ ከ1900 ወደ 1880 ትዘላላችሁ። ቤተሰቡ ከአውሮፓ ከመጣ ከ1892 እስከ 1954 ኒው ዮርክ ባለው የስደተኞች መቀበያ በኤሊስ ደሴት የገቡት ሰዎች የመርከብ መዝገብ አለ፤ ስም እዚያ ተቀየረ የሚለው ወሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ መዝገቡ የተሞላው መነሻው ወደብ ላይ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ወገን ከሆነ 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥማችኋል። ከባርነት ነፃ የወጡት ሰዎች አብዛኞቹ በስም የተቆጠሩት ያኔ መጀመሪያ ነው፤ የ1850ና የ1860 የባሪያ መዝገቦች ዕድሜና ፆታ እንጂ ስም አይጽፉም። ግድግዳውን ለማለፍ በ1870 ቤተሰቡ የኖረበትን ካውንቲ ያዙ፤ ነፃ የወጡትን ይረዳ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፍሪድመንስ ቢሮ፣ ከ1865 እስከ 1872 ያስቀመጠውን የሥራ ውልና የጋብቻ መዝገብ ፈልጉ፤ ቀጥሎም በአካባቢው የነበሩ ባለመሬቶችን ኑዛዜ እዩ። ባሪያዎቹ በስም የተጻፉት ብዙ ጊዜ ኑዛዜው ውስጥ ነው። ይህን ሥራ ልጁ ብቻውን አይሥራው፤ ንባቡ ከባድ ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ መጨረሻ ይምጣ። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሽ ግማሽ ይወስዳል፤ ከአያቶቹ ግን እኩል ሩብ ሩብ አይደርሰውም፣ ወንድምና እህት የተለያየ ቁጥር ቢያገኙም ስህተት የለም። ኢትዮጵያዊ ዘር ጥንታዊ የአፍሪካና የምዕራብ እስያ ድብልቅ ስላለው አንዳንድ ምርመራ ከፊሉን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይመድበዋል፤ ከዚህ ተነስቶ "የየመን አያት አለን" ማለት አይቻልም። ውጤቱ ለቢጫ ካርድ የወላጅን ፓስፖርት አይተካም። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ድርጅት በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ የካሊፎርኒያ ዓቃቤ ሕግ ደንበኞች መረጃቸውን የማጥፋት መብት እንዳላቸው አስታውሷል፤ እንግዲህ የትኛውንም ድርጅት ብትመርጡ ውጤቱን አውርዳችሁ ቤት ካስቀመጣችሁ በኋላ የምራቅ ናሙናው እንዲወገድ የሚያዘውን ምርጫ ከአካውንቱ ውስጥ ፈልጋችሁ ሙሉ፤ ለልጁ ደግሞ 18 ሞልቶት ራሱ እስኪጠይቅ ይቆይ።